ለአንዲት የኪራይ ክፍል ስንት ዋት የጊታር አምፕ ይበቃል?

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ውስጥ በአንድ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ያገለገለ ሊድ ጊታር ገዝቻለሁ፤ ድምፁን የሚያጎላው አምፕ ግን የለኝም። የምለማመደው ከሥራ ከገባሁ በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ አከራዬ ደግሞ በግድግዳው ማዶ ይተኛሉ። አንድ ነጋዴ ከ40 ዋት በታች አይጠቅምህም ብሎኛል። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ የቆየ አምፑን ሊልክልኝ ይፈልጋል። ቤት ባለኝ የቴፕ ስፒከር ብሰካውስ? ገንዘቤ ትንሽ ነው፤ የመብራቱንም ነገር ያውቁታል።»

ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርዎት። ለእርስዎ ክፍልና ለሚለማመዱበት ሰዓት ከ3 እስከ 10 ዋት ኃይል ያለው፣ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የተገጠመለት፣ ቢቻልም በድንጋይ የሚሠራ ትንሽ አምፕ ይበቃዎታል። የቴፑ ስፒከር ለጊታር አልተሠራም። ከአሜሪካ የሚመጣልዎትን አምፕ ደግሞ በጀርባው የተጻፈውን ሳያነቡ ሶኬት ላይ እንዳይሰኩት አደራ እላለሁ። በዚህ ከተማ የድምፅ ዕቃ ስጠግን ብዙ ዓመት ስለቆየሁና ጊታርም ስለምጫወት፣ ምክንያቶቹን ከሥራ ጠረጴዛዬ ከማውቀው ላስረዳዎት።

ብዙ ሰው ዋት ሲባል የጩኸት መጠን ይመስለዋል። ዋት ግን አምፑ ለስፒከሩ ሊሰጥ የሚችለው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ጆሯችንም ኃይልን እንደ ገንዘብ አይቆጥርም። ኃይሉ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህ ልብ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው የሚያውቀው ትንሽ ጭማሪ ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ገደማ መጨመር ይኖርበታል፤ ለዚያ ደግሞ ኃይሉ 10 ጊዜ ማደግ አለበት። ስለዚህ ባለ 40 ዋቱ አምፕ ከባለ 10 ዋቱ አራት እጥፍ አይጮኽም። ስፒከራቸው አንድ ዓይነት ከሆነ ልዩነታቸው 6 ዴሲቤል ነው።

ይህን ወደ እርስዎ ክፍል እናምጣው። በአንድ ትንሽ አምፕ ላይ የተገጠመ ስፒከር 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል ያወጣል እንበል፤ ይህ ለእንደዚህ ዓይነቱ ስፒከር የተለመደ ልክ ነው። ያው ስፒከር የዋት አንድ አሥረኛ ሲሰጠው 80፣ አንድ መቶኛ ሲሰጠው 70 ዴሲቤል ይሰጣል። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው በረጋ ድምፅ ሲነጋገሩ የሚሰማው 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። እንግዲህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አከራይዎን ከእንቅልፋቸው ሳይቀሰቅሱ የሚጫወቱበት ድምፅ የሚያስፈልገው ኃይል የአንድ ዋት መቶኛ እንኳ አይሞላም። 40 ዋት የሚያስፈልገው ድራም መቺ አጠገብዎ የተቀመጠ ዕለት ነው። ነጋዴው ክፉ አስቦ ነው አልልም፤ ለሠርግ የሚከራይ ሞንታርቦ ሲሸጥና ሲያከራይ የኖረ ሰው ሁሉንም ዕቃ በዚያ መመዘኑ አይቀርም።

ትልቁ አምፕ ከሚያስፈልግ በላይ ከመሆኑም ሌላ ለቤት አይመችም። ቮሊዩሙን ከዜሮ ፈቀቅ ሲያደርጉት ምንም አይሰማም፤ የፀጉር ያህል ሲጨምሩበት ደግሞ ግቢው በሙሉ ይሰማዋል፤ በሁለቱ መካከል ለጣት የሚሆን ቦታ የለም። በዚያ ጠባብ ቦታ ላይ የማዞሪያው የውስጥ ንጣፍ እኩል ስለማይሠራ ድምፁ አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ ይላል። ተማሪው በዚህ ሲሰለች ጊታሩን ሳይሰካ መምታት ይጀምራል፤ ሳይሰካ የሚመታ ሊድ ጊታር ደግሞ የቀኝ እጅን ስሕተት ስለማያሳይ፣ ከወራት በኋላ ክሩን አለልክ እየቀጠቀጠ የሚጫወት እጅ ይዞ ይቀራል። እንዲህ ያለ እጅ ያላቸው ልጆች ብዙ ጊዜ አጋጥመውኛል፤ ለማረም የሚወስደው ጊዜ ለመማር ከወሰደው ይበልጣል።

በዚህ ላይ የጆሯችን ጠባይ አለ። ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ አብዝቶ ያጣዋል። ቀን ላይ በደህና ድምፅ ሞቅ ብሎ የሚሰማ አምፕ ማታ ሲቀንሱት የቀጠነና የደረቀ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) እና ትሬብል (ቀጭኑ) ለየብቻ የሚስተካከሉበት፣ ቢቻል መካከለኛውም የራሱ ማዞሪያ ያለው አምፕ ይምረጡ፤ ማታ ቤዙን ትንሽ ከፍ ያድርጉት፣ ከሰው ጋር ሲጫወቱ ደግሞ መልሰው ይቀንሱት። «ቶን» የሚል አንድ ማዞሪያ ብቻ ያለው አምፕ ይህን አያደርግልዎትም። የቤት አምፕ ጥሩነት የሚታወቀው በሹክሹክታ ሲናገር ቃሉ ጥርት ብሎ ሲሰማ ነው፤ ሌላው መመዘኛ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ወደ ቴፑ ስፒከር ልምጣ። የሊድ ጊታር ፒክአፕ በማግኔት ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመበት ነገር ነው። ክሩ ሲርገበገብ እዚያ ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ እጅግ ደካማ ስለሆነ የሚቀበለው ዕቃ ብዙ ሊስብበት አይገባም። የጊታር አምፕ መግቢያ 1 ሚሊዮን ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ገደማ እንዲሆን ተደርጎ የሚሠራው ለዚህ ነው። የቴፕ መግቢያ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ሺዎች ኦም የሚቆጠር ነው፤ ጊታሩን እዚያ ሲሰኩት ቀጭኑ ድምፅ ይዋጣል፤ አፉን በጋቢ የሸፈነ ሰው ሲናገር እንደሚሰማው ይሆናል። ስፒከሩም ለሌላ ሥራ የታሰበ ነው። የጊታር ስፒከር የሚያወጣው ከ80 ኸርዝ (በሰከንድ 80 ጊዜ መርገብገብ) ገደማ እስከ 5 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ያለውን ነው፤ የጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ 82 ኸርዝ ስለሆነ ከታች ይበቃዋል፣ ከላይ ደግሞ መቆረጡ ራሱ የጊታሩን ድምፅ ውበት ይሰጠዋል። የቴፑ ስፒከር እስከ 20 ሺህ ኸርዝ የሚጠጋውን ሁሉ ስለሚያወጣ፣ ዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክረውን) ሲጨምሩበት ድስት ውስጥ የሚንጣጣ ዘይት ይመስላል። ሳይታሰብ በኃይል የተመታ ክርም የቴፑን ትንሿን ስፒከር ሊያቃጥላት ይችላል። ያለዎት ፒክአፕ የተገጠመለት ቦክስ ጊታር ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፤ ለእሱ ሁሉን ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር ነው የሚስማማው።

ብሉቱዝ ስፒከር እንዳያስቡ ደግሞ አስቀድሜ ላሳስብዎት። ድምፁ በብሉቱዝ ተጉዞ እስኪወጣ የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ነው፤ ክሩን ከመቱ በኋላ ድምፁን የሚሰሙት ዘግይተው ስለሆነ እጅዎ ምቱን ይስታል። ዘፈን ከስልክ ወደ አምፑ በብሉቱዝ ማስገባት ግን ምንም ችግር የለውም፤ ዘፈኑ ቢዘገይም እርስዎ እሱን ተከትለው ነው የሚጫወቱት።

ስለ አሜሪካው አምፕ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ ወደ እኔ ከሚመጡት የተቃጠሉ አምፖች የሚበዙት በዚህ መንገድ የተቃጠሉ ናቸውና። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ሰው የሶኬቱ እግር አልገባ ሲለው ከሱቅ መቀየሪያ ገዝቶ ይሰካዋል፤ መቀየሪያው ግን የሚቀይረው የእግሩን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይደለም። እኔም ሙያውን ሳልማር በፊት ዘመድ ያመጣልኝን አምፕ እንዲሁ ሰክቼ አጥቼዋለሁ። የበራችው ቀይ መብራት ከወትሮው ደምቃ ነበር፤ ትራንስፎርመሩ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ፤ ከዚያ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ሰው አሥር እስኪቆጥር ባልሞላ ጊዜ ነው።

በኋላ ስከፍተው የፊውዟ ብርጭቆ ከውስጥ ጠቁራ፣ በአንድ ጎኗ ላይ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ብርማ ሽፋን ይዛ አገኘኋት። ይህን ምልክት ማወቅ ለማንኛውም ሰው ስለሚጠቅም እግረ መንገዴን ልናገረው። የፊውዝ ሽቦ ከመሐሉ ብቻ ተበጥሶ ብርጭቆው ንጹሕ ከሆነ፣ ጭነቱ ከልኩ ጥቂት አልፏል ማለት ነው። ብርጭቆው ከጠቆረ ወይም ብር ከመሰለ ግን ከባድ ኃይል በአንድ ጊዜ ፈስሷል፤ ውስጡ አንድ ነገር ተበላሽቷል። እንዲህ ያለውን ፊውዝ ለውጦ መልሶ መሰካት ጉዳቱን ያባብሰዋል፤ ፊውዙን በሽቦ ተክቶ መሰካት ደግሞ ቤት ያቃጥላል።

ስለዚህ የአክስትዎ ልጅ አምፑን ከመላኩ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልዎ ያድርጉ። «100–240» የሚል ቮልት ከተጻፈበት፣ ወይም በዚህ ዓይነት አዳፕተር የሚሠራ ከሆነ፣ የሶኬቱ እግር መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። «120» ብቻ የሚል ከሆነ 220ውን ወደ 110 ወይም 120 የሚያወርድ እውነተኛ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። አቅሙም አምፑ ከሶኬት እወስዳለሁ ብሎ ከጻፈው ዋት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ይህም ቁጥር ለስፒከሩ ከሚሰጠው ዋት የተለየና ከእሱ የሚበልጥ መሆኑን ያስተውሉ። ለፀጉር ማድረቂያና ለካውያ የሚሸጡት ቀላል የመንገደኛ መቀየሪያዎች ለአምፕ አይሆኑም፤ እውነተኛው ትራንስፎርመር በእጅ ሲያነሡት እንደ ድንጋይ የሚከብድ ነው። የአንዳንድ አምፖች ትራንስፎርመር ሽቦው ተቀይሮ ለ220 እንዲሆን የተዘጋጀ ነው፤ ይህን ግን ባለሙያ ከፍቶ ሳያይ ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። የላኪው አምፕ ባለ ቫኩም ቱቦ (እንደ አምፖል የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች ያሉት) ከሆነ ደግሞ፣ ድምፁ ቢያምርም እንዲተውት እመክራለሁ። ቱቦዎቹ እያረጁ የሚለወጡ ናቸው፤ እዚህ አይገኙም። ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ የሚሠራበት ነው፤ ካፓሲተሮቹም ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ሰው የሚገድል ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። የትራንስፎርመሩ ዋጋ፣ የመላኪያው ክፍያና የቀረጡ ሐሳብ ሲደመር ብዙ ጊዜ አዲስ ትንሽ አምፕ ይገዛል።

መብራቱን በተመለከተ የእኛ ከተማ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። አምፕን የሚጎዳው መሄዱ ሳይሆን አመጣጡ ነው፤ ሲመለስ ቮልቱ ከልኩ ዘልሎ ይመጣና ይዋዥቃል። መብራት ሲሄድ አምፑን ወዲያው ይንቀሉት፤ ከመጣም በኋላ አምፖሉ ሳይርገበገብ ጥቂት ደቂቃ መቆየቱን አይተው ይሰኩት። በድንጋይ የሚሠራ አምፕ የምመክርዎትም በዋናነት ለዚህ ነው፤ ጨለማው ልምምድዎን አያቋርጠውም። ከእነዚህ አምፖች ብዙዎቹ ስድስት ትንንሽ ባለ ዳብል ኤ ድንጋይ ይወስዳሉ። ርካሹ ድንጋይ በጥቂት ምሽት ያልቃል፤ አልካላይን የሚባለው ዋጋው ቢበዛም ይቆያል፤ ከሁሉ የሚያዋጣው ቻርጅ የሚደረገው ነው። ቻርጅ የሚደረገው አንዱ 1.2 ቮልት ስለሆነ ስድስቱ 7.2 ቮልት ይሰጣሉ፤ የተራው ደግሞ 9 ነው፤ ብዙዎቹ አምፖች በዚህም ይሠራሉ፣ መመሪያው ላይ ግን ያረጋግጡ። ለሳምንታት የማይጫወቱ ከሆነ ድንጋዮቹን ያውጧቸው፤ አፍስሰው መገጣጠሚያውን የበሉት ብዙ አምፕ አይቻለሁ።

አዳፕተሩ ቢጠፋብዎ ደግሞ የሚገባ ሁሉ ልክ ነው ብለው እንዳይወስዱ። የጊታር ዕቃዎች ላይ ብዙ ጊዜ የመሐሉ ነጥብ ኔጋቲቭ ነው፤ የሌሎች ዕቃዎች አዳፕተር ደግሞ አብዛኛው መሐሉ ፖዘቲቭ ነው። በአምፑ መግቢያ አጠገብ የተሣለችውን ትንሽ የክብ ምልክት ከአዳፕተሩ ምልክት ጋር አስተያይተው፣ ቮልቱም እኩል መሆኑን አይተው ይግዙ።

ክሩን ሲነኩ ቢነዝርዎት መጫወትዎን ያቁሙ። ብዙ የቆዩ የኪራይ ቤቶች አርዝ (የብልሽት ኃይልን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) የላቸውም፤ ባለ ሦስት እግሩን ሶኬት በዲቫይደር በኩል ባለ ሁለት ቀዳዳ ላይ መሰካት፣ ወይም የአምፑን ጉርምርምታ ለማጥፋት ብሎ የአርዙን እግር መቁረጥ፣ የብልሽት ቀን ኃይሉ በእርስዎ በኩል ወደ መሬት እንዲሄድ መንገድ መክፈት ነው። ጉርምርምታው ክሩን ሲነኩ የሚቀንስና ሲለቁ የሚመለስ ከሆነ፣ እና የማይነዝርዎት ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአካባቢው ያለ ረብሻ ነው፤ ከፍሎረሰንት መብራት፣ ከስልክ ቻርጀር ወይም ከትራንስፎርመር ራቅ ብለው ጊታሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዙሩት። ስልክ ሊጠራ ሲል አምፑ ውስጥ የሚሰማው «ድድድ» የሚል ድምፅ ብልሽት አይደለም፤ ስልኩን ከገመዱ አርቁት።

አሁን ምርጫውን ልንገርዎት። የዋጋ ቁጥር አልጽፍም፤ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው እየተለዋወጠ ስለሆነ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳስትዎታል። ቅደም ተከተሉን ግን እነግርዎታለሁ።

ገንዘብዎ ከደረሰ የሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ ጂኤክስ ዓይነቱን እመርጥልዎታለሁ። 3 ዋት ነው፤ ስፒከሩ 5 ኢንች ነው፤ በስድስት ድንጋይም በአዳፕተርም ይሠራል፤ መቃኛ አለው፤ ከሁሉ በላይ ሪቨርብ (ድምፁን በሰፊ አዳራሽ እንደተመታ የሚያስቆይ) እና ዲሌይ (ድምፁን ጥቂት ቆይቶ የሚደግም) አለው፤ የድምፅ ማስተካከያው ግን አንድ «ቶን» ብቻ ነው። የቦስ ካታና ሚኒም ከዚሁ ወገን ነው፤ 7 ዋት፣ ባለ 4 ኢንች ስፒከር፣ ስድስት ድንጋይ፣ ሦስት የድምፅ ማስተካከያ ማዞሪያ ያለው ሲሆን ከሪቨርብና ከዲሌይ ያለው ግን ዲሌይ ብቻ ነው። ከዚህ የሚያንስ ዋጋ ካስፈለገ ባለ 10 ዋት ቀላል የትራንዚስተር አምፖች አሉ፤ ፌንደር ፍሮንትማን 10ጂ፣ ማርሻል ኤምጂ10፣ ቮክስ ፓዝፋይንደር 10 እና ባለ 12 ዋቱ ኦሬንጅ ክራሽ 12 የታወቁት ናቸው። ስፒከራቸው 6 ወይም 6.5 ኢንች ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ አላቸው፤ አሠራራቸው ቀላል ስለሆነ ቢበላሹም እዚሁ ይጠገናሉ። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ እንደ ሮላንዱ ያሉት ዲጂታሎች ዋና ሰሌዳቸው ከሞተ የሚለወጥ ሰሌዳ ከየትም አናገኝም።

ለምን ስለ ሪቨርብ አብዝቼ እንደምናገር ላስረዳ። እርስዎ የሚጫወቱት ምን እንደሆነ አልጻፉልኝም፤ ግን ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን ወይም አንቺ ሆዬን በሊድ ጊታር ሊጫወት የሚነሣ ሰው የሚያስፈልገው ቅርጹን የጠበቀ ንጹሕ ድምፅ ነው። በሮሃ ባንድ ዘመን ሰላም ሥዩም ጊታሩን የሚያዜምበትን ያዳመጠ ሰው የምለው ይገባዋል። በእነዚህ ቅኝቶች በአንድ ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ ከፍተኛው እኩያው) ውስጥ ያሉት ድምፆች አምስት ብቻ ስለሆኑ፣ ዜማውን የሚሸከመው ድምፁ ሲሳብ፣ ሲንቀጠቀጥና ሲያርፍ የሚፈጠረው ነገር ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ያለ ምንም ሪቨርብ፣ በዝቅተኛ ድምፅ የተመታ ክር ቶሎ ይሞታል፤ ተማሪውም ባዶውን ለመሙላት ብዙ ኖታ መደርደር ይጀምራል፤ ዜማውም እዚያው ይጠፋል። ትንሽ ሪቨርብ ግን ድምፁን ስለሚያቆየው ተማሪው መጠበቅን ይለምዳል። ባለ 10 ዋቶቹ ቀላል አምፖች አብዛኞቹ ሪቨርብ የላቸውም፤ ስለዚህ ያን ከገዙ በኋላ አቅም ሲፈቅድ አንድ ትንሽ የሪቨርብ ወይም የዲሌይ ፔዳል ይጨምሩበት። «100 ዓይነት ድምፅ አለው» በሚል ማስታወቂያ ግን አይወሰዱ፤ ጀማሪ ከ100ው የሚጠቀምበት ሁለቱን ነው፤ የቀረውን ጊዜ ቁልፍ በመነካካት ያሳልፈዋል።

ገንዘቡ ከሁሉም ካነሰ ቮክስ አምፕላግን የመሰለ፣ ጊታሩ ላይ ራሱ የሚሰካ፣ በሁለት ቀጭን ድንጋይ የሚሠራ የጆሮ ማዳመጫ አምፕ አለ። ለአከራይዎ እንቅልፍ ከዚህ የተሻለ የለም። ይሁን እንጂ ብቸኛ መለማመጃዎ ሆኖ እንዲቀር አልመክርም፤ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የለመደ ሰው ከሌሎች ጋር ሲጫወት የራሱን ድምፅ ልክ መፍረድ ያስቸግረዋል። ድምፁንም ይቀንሱ፤ 85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት ጆሮን የሚጎዳ ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የሚፈቀደው ሰዓት በፍጥነት ያጥራል፤ የተጎዳ ጆሮም አይመለስም። ሲገዙ አንድ ነገር ያስተውሉ፤ የአንዳንዱ አምፕ የማዳመጫ ቀዳዳ 6.35 ሚሊ ሜትር፣ የስልክ ማዳመጫዎ ደግሞ 3.5 ነው፤ መቀየሪያው ርካሽ ነው፣ ባለ ስቴሪዮውን ይግዙ፤ አለበለዚያ በአንድ ጆሮ ብቻ ሊሰሙ ይችላሉ።

እዚህም ሆነ አዲስ አበባ ሱቅ ሲሄዱ የራስዎን ጊታርና የራስዎን ገመድ ይዘው ይሂዱ። ሻጩ በሱቁ ውድ ጊታር ከፍ አድርጎ ሲያሰማዎ ሁሉም አምፕ ያምራል። እርስዎ ግን በሩን እንዲዘጋልዎ ይጠይቁት፤ ቮሊዩሙን ከሻጩ ጋር ሳትጮኹ በምትነጋገሩበት ልክ ያድርጉት። ስድስተኛውን ክር ባዶውን አንዴ ይምቱና እጅዎን ከክሩ አንሥተው ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ያዳምጡ። ድምፁ እየቀነሰ ሲሄድ በእኩል ሲከስም ጥሩ ነው፤ መጨረሻው ላይ የሚንኮሻኮሽ ወይም በአንድ ጊዜ የሚቆረጥ ከሆነ ይተዉት። ቀጥለው ቀጭኑን ክር በጣም በዝግታ፣ ከዚያ በኃይል ይምቱ፤ ሁለቱ ምቶች አንድ ዓይነት ሆነው ከተሰሙ አምፑ እጅዎን አያስተምርም። ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙሩ፤ «ክርክር» የሚል ድምፅ አዲስ ዕቃ ላይ ከሰሙ ለረጅም ጊዜ መጋዘን ቆይቷል ማለት ነው። የገመዱን ጃክ ከመሰኪያው ላይ ቀስ ብለው ያነቃንቁት፤ ድምፁ ከተቆራረጠ መሰኪያው ላልቷል። ያገለገለ ከሆነ የስፒከሩን ወረቀት በአራት ጣት ጫፍ እኩል አድርገው በቀስታ ገፋ ያድርጉት፤ የሚፍቅ ድምፅ ካለው ስፒከሩ ተበልቷል።

ቤት ሲያስገቡት ከአከራይዎ ጋር በሚጋሩት ግድግዳ ላይ አያስደግፉት፤ መሬትም ላይ አያስቀምጡት። ወንበር ላይ፣ በታጠፈ ጋቢ ወይም ስፖንጅ ላይ ያድርጉትና ፊቱን ወደ ጆሮዎ ያዙሩት፤ በቅርብ ከጆሮዎ ፊት ሲሆን ድምፁን መጨመር አያስፈልግዎትም። አንድ ኖታ ላይ ብቻ ኮርኒሱ ወይም ቆርቆሮው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አምፑን ከክፍሉ ጥግ ያውጡት፤ ጥግ ወፍራሙን ድምፅ ያበዛዋል። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ በዝቅተኛ ድምፅ መለማመድ ስለማይቻል፣ በዚያ ሰዓት ማዳመጫዎን ያድርጉ። የሐይቁ ዳር እርጥበትና የበጋው አቧራ ማዞሪያዎቹን ቶሎ ያበላሻሉና ሲጨርሱ በጨርቅ ይሸፍኑት፤ መንኮሻኮሽ ከጀመሩ ኮንታክት ክሊነር እንጂ የምግብ ወይም የማሽን ዘይት አያስገቡባቸው። በረሮም የሞቀ ትራንስፎርመር ስለሚወድ፣ አምፑን ከምግብ ማስቀመጫ ያርቁት።

የአክስትዎ ልጅ የጀርባውን ፎቶ እንደላከልዎ ያሳዩኝ። ቮልቱንና ከሶኬት የሚወስደውን ዋት አይቼ፣ ትራንስፎርመር ገዝተው እንዲያመጡት ወይም እንዲተውት በዚያው ቀን እነግርዎታለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ለነጋዴው ቀብድ አይስጡ።